የሐያት ፀሐይ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2፤ ከጠዋቱ 5፡00

የቅዳሜው የኮምፒውተር ክበቤ፦ ዘጠኝ ኮምፒውተር፣ አሥራ ስምንት ተማሪ። ሁለት ሁለት ሆነው ተጣብበው ተቀምጠዋል። ሥዕል እንሥላለን፣ ግን በእጅ ሳይሆን በኮድ፤ ክብ እናዛለን፣ ቀለም እናዛለን፣ መቶ ጊዜ ድገም እንላለን። ሐያት ግን ሁሉንም በልጣቸው ሄዳለች። አባቷ ሞጣ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ቀለም መምረጥ ከእሳቸው ሳትወርስ አልቀረችም። የሞጣን ሰማይ ሠራች። ፀሐይዋ የኮምፒውተሩን ሰዓት እያነበበች ትወጣለች፣ ትጠልቃለች። ይህን እኔ አላስተማርኳትም! ማስታወሻዬ፣ ኮርቻለሁ።

አንድ ችግር ብቻ። ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። ሐያት የጻፈችው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ በፈረንጅ፣ የእኛን አራት አሥር ይለዋል። አሥር ሰዓት ለሐያት ፀሐይ ማዘቅዘቂያ ነው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሷ አልሳቀችም። አስተካክላለሁ አለች።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ር/መምህሩ ጠሩኝ። ክፍሉን ለ12ኛ ክፍል ማጠናከሪያ ሊወስዱት ነው። ሥዕል ፈተና አያሳልፍም አሉ፤ የእኔ ክበብ "ላም አለኝ በሰማይ" ነው። ተከራከርኩ። እናንተ የቢቸና ሰዎች ስትባሉ ግትር ናችሁ ብለው ሳቁ። በመጨረሻ፣ ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነው፣ አይቼ እወስናለሁ አሉኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8፤ ከቀኑ 11፡00

ሐያት አስተካክያለሁ ብላኝ ወደ ቤቷ ሄዳለች። መብራት የመጣው አሁን ገና ነው። ካልሠራስ? ለማንኛውም የኮምፒውተሩን ሰዓት ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩት፤ አሁን እንደ እኛ ይቆጥራል። ቸኩዬ ሥዕሉን ሳልከፍት ቆልፌ ወጣሁ። ልቤ አረፈ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9፤ ከሰዓት

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። እኔ ነኝ እሷ።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ወላጆች ሞልተዋል፤ የሐያት አባት ከፊት። ር/መምህሩ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ሥዕሉ ተከፈተ። ፀሐይዋ እንደገና አዘቅዝቃለች! ር/መምህሩ ሰዓታቸውን አዩ፣ ከዚያ በመስኮት ወደ ውጭ።

ሐያት ስክሪኑን ትኩር ብላ አየች። ቀስ ብላ፣ "ቲቸር፣ ሰዓቱን ነክተውት ነበር?"

ነክቼዋለሁ። እሷ በኮዷ ስድስት ቀንሳ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሌላ ስድስት፤ አራት ሰዓት ወደ ኋላ ዞሮ እንደገና አሥር ሆነ። በሰው ሁሉ ፊት ተናገርኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አላመንኳትም። ሐያት ሰዓቱን ወደ ቦታው መለሰች። ፀሐይዋ ውጭ እንዳለችው ሽቅብ ወጣች። አባቷ ብድግ ብለው አጨበጨቡ።

ር/መምህሩ አላጨበጨቡም። ወንበር ስበው ሐያት አጠገብ ተቀመጡ፣ እስቲ አስረጂኝ አሏት። በጣቶቿ እየቆጠረች አስረዳቻቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሟት።

ከዚያ ወሰኑ፤ ክፍሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የእኛ ነው! ር/መምህሩም ሊማሩ ሊመጡ ነው፤ ከእኔ ሳይሆን ከእሷ። መጀመሪያ ትንሽ ቅናት ቢጤ ያዘኝ። ከዚያ ኩራቱ አሸነፈ።

ወስኛለሁ። የሚቀጥለውን ቅዳሜ ሐያት ታስተምራለች። እኔ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ። ሰዓቱንም አልነካም።