በሩን ያወጣን ጊዜ

ሰኞ፣ የካቲት 3

እንደ ወትሮው። መነጽር ቤት፣ ከጠዋት እስከ ማታ። ስድስት መስታወት ሞረድኩ፣ አንዱን ሰበርኩ። መሞረጃው ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ... በዓለም ላይ ከሱ ጋር ብቻ ነው የምስማማው። ጠብ፣ ጠብ። ልኩን ያውቃል።

ከሥራ በኋላ የወንዝ ወዳጆች ማኅበር ስብሰባ። ጸሐፊ ነኝ፣ አምስት ዓመቴ። ከወንዙ የሚወጣውን ቆሻሻ እመዘግባለሁ። ዳር ቆሜ፣ ደረቅ ጫማ አድርጌ። ውሃ እንደምፈራ የሚያውቅ የለም። ጸሐፊን ማን ግባ ይለዋል? ወረቀቱ ይረጥባል።

ዛሬ ተወሰነ። ቅዳሜ 15 የጀልባ ቀን ነው። ብየዳ ሠራተኛው፣ አይሰምጤ የምንለው፣ ከበርሜል ሦስት ጀልባ ሠርቷል። ከድልድዩ ሥር ካለው ኩሬ ተነስቶ እስከ ወፍጮው፣ ከዚያ መልስ።

ቤት ስደርስ አማቴ ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

«ጀልባው አለቀ አሉ?»

«አልቋል እማማ።»

«እንግዲህ ቃልህን ጠብቅ። አንተ ትቀዝፋለህ፣ እኔ እቀመጣለሁ።»

መቼ ነው ቃል የገባሁት? አምና። ምግብ ላይ፣ አፌ ሙሉ ሳለ። በ24 ጠቅልለው ወደ ታላቋ ልጃቸው ይሄዳሉ። እዚያ ወንዝ የለም። አራተኛ ፎቅ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሐሳብ ነው ወይስ ተንኮል?

ከኩሬው ግርጌ፣ ሁለት ቋጥኝ መሐል፣ አንድ ትልቅ የብረት በር ተሰንቅሯል። የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ማኅበሩ ሦስት ጊዜ ሞክሮ አቅቶታል። ዛሬ ሊቀ መንበሯ፣ ጡረተኛዋ አዋላጅ፣ መነጽራቸውን ሊያጠብቁ ሱቅ መጡ። በጆሯቸው...

«እትዬ፣ ያ በር እንደተገተረ ጀልባ ብናንሳፍፍ ለማኅበሩ ስም አይከብድም?»

«ውይ! ልክ ብለሃል! እሱ ሳይወጣ ጀልባ የሚባል ነገር የለም።»

በትንሹ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ አማቴ ይሄዳሉ። ማንም አልተጎዳም... አይደል?

ይኼን ጽፌ ሳነበው አፈርኩ። አልሰረዝኩትም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

አርባ ደቂቃ። አርባ ደቂቃ ብቻ!

አሥራ ስምንት ሰው ገመዱን ይዟል። አዋላጇ ድንጋይ ላይ ወጥተው ያዛሉ። «ገና ነው፣ እንዳትስቡ! ተንፍሱ... ተንፍሱ... በሉ አሁን! አይዟችሁ፣ ጭንቅላቱ እየታየ ነው!» ከማኅበርተኞቹ አንዱ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ምጥ የያዘው ይመስል ያቃስታል። በሩ አንዴ ተነቃነቀና ሙልጭ ብሎ ወጣ። እልልታ ቀለጠ። «ወንድ ነው ሴት?» አለ አይሰምጤ።

መዘገብኩ። በር፣ የብረት፣ ባለ ሁለት ተከፋች፣ እንደተቆለፈ።

ሁሉም ሲተቃቀፍ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጉርርር... የተራበ ሆድ ነገር። የኔ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሆዴን ያዝኩት። አልቆመም።

እሑድ፣ የካቲት 9

ኩሬው የለም።

የለም ስል የለም። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውሃ በጭቃው መሐል ይሄዳል። ሦስቱ ጀልባዎች እንደ ሰካራም በጎናቸው ተኝተዋል። ዳክዬዎቹ መዋኘት ትተው በእግራቸው ይሄዳሉ። አንዷ ቆማ አየችኝ። ለምን እኔን?

ለካ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስንረግመው የኖርነው በር ነው ውሃውን ይዞልን የኖረው። ጠራርገን ጠራርገን ኩሬያችንን ጠረግነው።

ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ እንጂ... ለሦስት ደቂቃ ያህል በጣም ደስ አለኝ።

ከዚያ አማቴ ሊያዩ መጡ። ጥላ ይዘው፣ ለጀልባው ያሰፉትን ቀሚስ ለብሰው። ልኩን ሊሞክሩት ነው። ጭቃውን አዩ። «ምን ይደረግ» አሉ። ቤት እስክንደርስ ዝም። አማቴ፣ ዝም! ሚስቴ ደንግጣ ትኩሳታቸውን ለካች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

አስቸኳይ ስብሰባ። ጭቅጭቅ።

የማኅበሩን ደንብ አነበብኩ፤ ሥራዬ ነውና። «አንቀጽ አንድ፤ ወንዙ ውስጥ ምንም ነገር አይጣልም።»

«ማን ይጥላል? ቦታው ነው የምንመልሰው» አለ አይሰምጤ።

«ባወጣነው በሳምንቱ? ሰው ምን ይለናል?» ዳቦ ጋጋሪው ነው።

«ሰውማ ብሎ ጨርሷል!» አለ አይሰምጤ። «ዛሬ ገበያ ላይ አንዷ ምን አለችኝ መሰለህ... ‹ወዳጆቹ እንዲህ ካደረጉት ጠላት ቢኖረው ምን ሊሆን ነው?›»

በሩ ይመለስ ተባለ። ግን ውሃው ራሱ ቋጥኞቹ ላይ እስኪጫነው ድረስ አንድ ሰው ከኩሬው በኩል ቆሞ ይያዘው። ረጅም ሰው። ሁሉም ዞሮ ወደ እኔ። ለምን እናቴ እንዲህ አስረዘመችኝ?

«ከአንገትህ አያልፍም» አሉ አዋላጇ ሊያጽናኑኝ።

አፌ ሳያማክረኝ ተከፈተ። «ውሃ እፈራለሁ። በሩ ይውጣ ያልኩትም የጀልባው ቀን እንዲራዘም ነው።»

ያባርሩኛል ብዬ መዝገቡን ዘጋሁ።

አዋላጇ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔም... ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ገብቼ አላውቅም።»

«እኔ ገላዬን እንኳ በጣሳ ነው የምታጠበው» አለ ዳቦ ጋጋሪው።

ሁላችን አይሰምጤን አየነው።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ? ያልገባ ሰው በምን ይሰምጣል?»

የወንዝ ወዳጆች። አሥራ አንድ ዓመት። አንድም ዋናተኛ የለም። እንዲህ ስቀን አናውቅም። ሳቁ ሲያልቅ ግን ዓይኖቹ አሁንም እኔ ላይ ነበሩ። ፍርሃቴን ተጋሩኝ፤ ቁመቴን የሚጋራኝ ግን የለም።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ለአማቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቁልፍ እየተከሉ ነበር። መርፌውን አስቀመጡ።

«‹እማማ፣ እፈራለሁ› ማለት አቅቶህ ወንዝ ታፈርሳለህ?»

«አዎ እማማ።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር... «እኔ እዋኛለሁ። ሐይቅ ዳር ነው ያደግኩት።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አማች ሆኜ ይኼን አልሰማሁም። ጠይቄያቸው አውቃለሁ እንዴ? ታዲያ ጀልባው ምን ያደርግልዎታል አልኳቸው።

«ዋናማ በጉልበቴ ነው። ሁሉን ነገር በጉልበቴ ነው የኖርኩት። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሌላ ሰው ሲለፋልኝ ማየት አማረኝ። ያ ጥፋት ነው?»

ጥፋት አይደለም።

«ቅዳሜ ግባ። ዳር ሆኜ አይሃለሁ። ብትሰምጥ ጎትቼ አወጣሃለሁ። ብቻ አትጩህ፤ ጩኸት አልወድም።»

ቅዳሜ፣ የካቲት 15

ገባሁ።

በወገቤ ገመድ አሰሩልኝ። ጫፉን አማቴ ይዘው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ለግጦሽ የወጣሁ ፍየል መሰልኩ። በሩን አቆሙት፣ በሁለት እጄ ያዝኩት። ውሃው ገና ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነው። ልወጣ ስል፣

«ዝም ብለህ ቁም! አንተ አትሂድበት፤ እሱ ይምጣልህ» አሉ አማቴ።

መጣ። በጣም በዝግታ። ጉልበቴ ላይ ሲደርስ የማባዛት ሠንጠረዥ ጀመርኩ። ጭኔ ላይ ሲደርስ ሰባት ስምንት ስንት እንደሆነ ጠፋኝ። እምብርቴን ሲነካኝ ጮህኩ። ስለቀዘቀዘኝ ነው... ነው? «ተንፍስ!» አሉ አዋላጇ ከዳር። «ተንፍስ... እንደሱ... ጎበዝ!» ዳቦ ጋጋሪው ቋጥኙ ላይ ሆኖ ዳቦ አጎረሰኝ፤ እጄ አይለቅማ።

ከሰዓት በኋላ ደረቴ ላይ ደረሰና ቆመ። በሩ ራሱን ቻለ። እጄን ለቀቅኩ። ውጣ አሉኝ። ትንሽ ቆየሁ። ለምን እንደቆየሁ አላውቅም።

መዝገቡ ላይ ‹የወጣ› የሚል ዓምድ ብቻ ነው ያለው። በማስመሪያ አሰመርኩና አዲስ ከፈትኩ። ‹የገባ፦ በር፣ አንድ።› አሰብኩና ከሥሩ ጨመርኩ። ‹ጸሐፊ፣ አንድ።›

እሑድ፣ የካቲት 23

ነገ ይሄዳሉ። ዛሬ የጀልባው ቀን ነበር።

አማቴ በአዲሱ ቀሚስ፣ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ቀዘፍኩ። አራት ደቂቃ። ከዚያ ከብየዳው ሥር አንድ ቀጭን ፏፏቴ...

«ያለ ነው! ዝም ብለህ ቅዘፍ!» ይላል አይሰምጤ ከዳር። እሱ መቼም ዳር ነው።

ጀልባው ቀስ ብሎ፣ በጨዋ ደንብ ሰመጠ። ውሃው ጭናቸው ላይ እስኪደርስ አማቴ ከመቀመጫቸው ንቅንቅ አላሉም። እኔ ቆሜያለሁ። ደረቴ ድረስ። ‹ጥልቁ› የምንለው ቦታ መሐል! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የፈራነው ኩሬ ደረቴ ድረስ ነው።

«እማማ፣ ዳር ላውጣዎት?»

«ገና ወፍጮው ጋ አልደረስንማ።»

የተነፋ የመኪና ጎማ ወረወሩልን። ተቀመጡበት፣ እግራቸውን አነባበሩ። ከኋላ እየገፋሁ በእግሬ ሄድኩ። «ቀስ!»... «ወደ ግራ!»... «አሁን አፍጥን፣ ሰው እያየን ነው!» ድልድዩ ላይ ሚስቴ አፏን ይዛ ትስቃለች። ወፍጮው ጋ ደረስን። ተመለስን። አንዴ ድገመው አሉ፤ ደገምኩ።

«በቃኝ ልጄ» አሉ በመጨረሻ። «ጠገብኩ።»

ሦስተኛውን ዙር እኔ ነኝ የለመንኳቸው።