የሶልያና ማተብ

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ባሌ ብሩክ ከሥራ ባልደረቦቹ የሰማውን ጨዋታ ለመሞከር ዛሬ ልጃችንን ይዘን ሱሉልታ ወጣን። ሰው ሜዳ ላይ የደበቀውን ዕቃ በስልክ ካርታ ፈልጎ ማግኘት ነው። የብስኩት ቆርቆሮ ከጥድ ሥር አገኘን። ሶልያና ከውስጡ ቀይ የመጫወቻ መኪና መረጠች። “አንድ ነገር ከወሰድሽ በቦታው የምትወጂውን ትተኪያለሽ” ያልኳት እኔው ነኝ።

ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ከታክሲ ወርደን ቤት ገባን። ገላዋን ላጥባት ልብሷን ሳወልቅ አንገቷ ባዶ ነው። ክርስትና ስትነሳ የታሰረላት ማተብ የለም።

“ማተብሽስ?”

“ቆርቆሮው ውስጥ ከተትኩት። የምትወጂውን አላልሽኝም?”

ብሩክ ሳቀ። “ክር እኮ ነው! ነገ ሌላ እናስርላታለን።”

እኔ ግን ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ያገኙት ሰዎች ስማቸውን እንዲጽፉ ቆርቆሮው ውስጥ በተቀመጠው ደብተር ላይ የክርስትና ስሟንም ጽፋለች። ነገ ማን ከፍቶ ያነበዋል? ክሩንስ ምን ያደርግበታል? የቢሮ ሰው ነኝ፣ በመተት አላምንም እላለሁ።

ያም ሆኖ የራሴን ማተብ ፈትቼ አሰርኩላት። እሷ ወዲያው ወደ መኪናዋ ሮጠች። ለብሩክ አልነገርኩትም። ይህን ስጽፍ እጄ አሁንም አሁንም ወደ አንገቴ ይሄዳል፤ ባዶውን ዳብሶ ይመለሳል።