ሞቱ ያልኳቸው ሠዓሊ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4
ዛሬ አራተኛ ክፍሎችን ረቂቅ ስዕል አስተማርኩ። የሠዓሊዋን የእትዬ ባይነሽን ሥራዎች ፎቶ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩላቸው። መጀመሪያ ሳቁ። "ቲቸር፣ ሰው የለው፣ ቤት የለው... ምኑ ነው ስዕሉ?" የሠዓሊዋን ሕይወት ስነግራቸው ግን ጸጥ አሉ። ባላቸው ሞቶባቸው፣ በር ዘግተው ጥቁር በጥቁር ሲስሉ ኖረው፣ ብቻቸውን እንደሞቱ... አንዷ ዓይኗን ጠረገች። ደስ አለኝ።
ጠሂራ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ አልሞቱም። ጎረቤታችን ናቸው።"
"ሌላ ባይነሽ ይሆናሉ።"
"አይ፣ እሳቸው ናቸው። ሲስሉ አያለሁ።"
ክፍሉ ሳቀ። "ውሸት ነውር ነው፣ ቁጭ በይ" አልኳት። ቁጭ አለች።
ሞቱ ያለኝ ማን ነበር ግን? አላስታውስም...

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6
ጠሂራ ትናንትም ዛሬም ቀረች። ማክሰኞ ከትምህርት ሲወጡ ልጆቹ "የሙት ጎረቤት" እያሉ እስከ መሳለሚያ ተከትለዋታል አሉ።
ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁ። ሞቱ የሚል የለም። ስለ ባልም የለም። ታዲያ ከየት አመጣሁት? ከራሴ። የልጆቹ ጸጥታ ጥሞኝ...

አርብ፣ ጥቅምት 7
የጠሂራ አባት መጣ። ኑሪ ይባላል፣ ሶማሌ ተራ ሱቅ አለው። ይጮህብኛል ብዬ ነበር።
"መምህርት፣ ልጄ ውሸታም ከሆነች እኔም ልወቀው። ነገ ይምጡና ሴትየዋን ይዩአቸው" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
ምነው በጮኸብኝ!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8
ሄድኩ። አማኑኤል ጀርባ፣ የኑሪ ግቢ አጠገብ። በሩን የከፈቱልኝ እራሳቸው እትዬ ባይነሽ ናቸው። ጣታቸው ቢጫ ቀለም በቀለም። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ።
ሁሉንም ነገርኳቸው። "ሞቼልሻለኋ!" ብለው ከት ብለው ሳቁ። "ባልስ ማን ሰጠኝ? አግብቼ አላውቅም።"
"ጥቁሩስ፣ እትዬ?"
"ደስ ይለኛላ!"
ይቅርታ ስጠይቅ ሳቃቸውን አቆሙ። "እኔን ተዪኝ። ልጅቷን ምን አደረግሻት?"


ሰኞ፣ ጥቅምት 10
ጠሂራ መጣች። ክፍሉ ፊት ቆምኩ።
"ጠሂራ እውነቷን ነው። እትዬ ባይነሽ በሕይወት አሉ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።"
ማሙሸት ከኋላ፣ "ቲቸር ይዋሻል እንዴ?"
"ዋሸሁ። ያውም ጠሂራን ውሸታም ብዬ።"
ማንም አልሳቀም። ጠሂራ ቀና ብላም አላየችኝ። ምን ታድርግ...

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15
ወላጆችን አስፈቅጄ ልጆቹን እትዬ ባይነሽ ቤት ወሰድኳቸው። እኔ በር ላይ ቆምኩ። ስለ ሕይወታቸው አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ልጆቹ እራሳቸው ጠየቁ።
"ሰው መሳል አይችሉም?" አላቸው ማሙሸት።
"እችላለሁ። ግን መልክ የሌለው ነገርም አለ። ንዴት ምን ይመስላል?"
"እኔንጃ..."
"በል እሱን ሳልልኝ።" ብሩሽ ሰጡት። ቀዩ ቀለም ውስጥ ነክሮ ወረቀቱን ከዳር ዳር ሞነጫጨረው። ሌሎቹ "እኔም! እኔም!" እያሉ ተንጋጉ።
ልንወጣ ስንል እትዬ ባይነሽ፣ "ለመሆኑ ማነው ያመጣችሁ?" አሏቸው።
"ጠሂራ!" ብለው በአንድ ድምፅ ጮኹ።
ጠሂራ ዞር ብላ አየችኝ። ውሸታም ካልኳት ወዲህ ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው።
"እኔና ቲቸር" አለች።
አንገቴን ደፋሁ።