የጋሽ በቀለ ሽቦ

ሰኞ

ተሳስተዋል አሉ። ጋሽ በቀለ! ኒኬል ሲግል ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም ዕድሜ ልካቸውን የለኩ ሰው። ከሞቱ ገና ወር አልሞላም፤ ደንበኛው የመጨረሻ ሪፖርታቸውን አላምንም አለ። ማናጀሬ፣ «ልኬቱን እስከ ዓርብ ድገሚው፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ሪፖርቱን እንሰርዛለን» አለኝ። ፈርነሱን፣ ኒኬሉ የሚግልበትን ምድጃ፣ አጸዳሁ፤ ከፈርነሱ ወደ ሙቀት መለኪያው የሚሄደውን አሮጌ ሽቦ በአዲስ ቀየርኩ። ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አላሳፍራቸውም።

ማክሰኞ

አልገጠመም። መለኪያው ዘጠኝ መቶ ዲግሪ ብሎ ቆሟል፤ የኒኬሉ ሬዚስታንስ ግን ቀስ እያለ ይወጣል። የከሰዓቱ ከጠዋቱ በለጠ። ማን እየገፋው ነው? ላቦራቶሪያችን ካለበት ከአሌክሳንድሪያ ወደ ቤት ስመለስ ባቡር ላይ ሳሰላ መውረጃዬ ሲልቨር ስፕሪንግ አለፈኝ፤ ዊተን ደርሼ ተመለስኩ።

ረቡዕ

ይሄን ለማንም አልናገርም። ሽቦዎቹ የሚገናኙባት ትንሽ ሳጥን ፈርነሱ ጎን አለች። ጋሽ በቀለ ሲያስቡ እጃቸውን እዚያች ላይ ነበር የሚያሳርፉት። ዛሬ እኔም አሳረፍኩ። የሙቀት መለኪያው ቁጥር ወረደ። አነሳሁ፤ ተመለሰ። ደገምኩ፤ ወረደ። የሞቀ እጅ ሲነካው ይቀዘቅዛል እንዴ? በኢየሱስ ስም! ጋዋናቸው አሁንም በሩ ላይ ተሰቅሏል። ጀርባዬን ሰጥቼው መቀመጥ አቃተኝ፤ ወንበሬን አዞርኩ።

ሐሙስ

ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ከሚኖሩበት ከስካይላይን ኮል አደረጉልኝ። ወሬው ደርሷቸዋል። «ልጄ፣ ስሙን ሊያጠፉት ነው?» «እየሠራሁ ነው» አልኩ።

እውነቱን ልጻፍ፦ ዛሬ እኔም ጠረጠርኳቸው። ሸምግለዋል፣ ዓይናቸው ደክሞ ነበር አልኩ በሆዴ። ወዲያው ከኋላዬ ጠቅ አለ። ፈርነስ ሲቀዘቅዝ ጠቅ ይላል፤ አውቃለሁ። ቢሆንም ደንግጬ ዘለልኩ።

ዓርብ

ምናልባት ጥፋቱ የአዲሱ ሽቦ ይሆናል ብዬ የቁርጥራጭ መጣያውን ገለበጥኩ። ሰኞ የጣልኩት አሮጌ ሽቦ ጫፉ ላይ ፕላስተር ተጠቅልሎበታል፤ በእሳቸው እጅ ጽሑፍ፣ በአማርኛ፦ «ቀዩ ኔጋቲቭ ነው። የመኪና ባትሪ አይደለም!» እዚህ ቤት አማርኛ የማነበው እኔ ብቻ ነኝ።

ሰኞ የአዲሱን ሽቦ ቀይ እንደ ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ አስሬዋለሁ፤ በሁለቱም ጫፍ። እንዲህ ሲገለበጥ ሳጥኗ በሞቀች ቁጥር መለኪያው አሳንሶ ያነባል፤ ፈርነሱ ቁጥሩን ዘጠኝ መቶ ላይ ለማቆየት ሙቀት ይጨምራል፤ ኒኬሉም መለኪያው ከሚለው በላይ ይግላል። ማፈሪያ!

አዙሬ አሰርኩ። ገጠመ። የእሳቸው ቁጥር ልክ ነው። ለእትዬ አልማዝ ደወልኩ። «እኔማ አውቃለሁ» አሉ፤ «አንቺ ተጠራጥረሽ ነበር እንዴ?»

ኧረ በፍጹም አልኩ።

ከመውጣቴ በፊት እጄን ሳጥኗ ላይ አሳረፍኩ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ትንሽ ቆየሁና በሌላኛው እጄም ሞከርኩ።