የንጉሥ ቀዛፊ በእንዳለው ኩሬ

ጥቅምት 6

ማንኩሳ ገበያ ወጣሁ። በርበሬ ተወዷል። ተመለስሁ። ሌላ ምንም የለም።

ልጄ መስከረም አስተማሪ ናት። «አባባ፣ የዋሉበትን ይንገሩኝና ልጻፍልዎት» አለች። ፊደል አልቆጠርሁም፤ አፌ ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ደግነት መስሎኝ ነበር... ኋላ ገባኝ። እራት ላይ የቤተ መንግሥቱን ወሬ እንዳልደግምባቸው ነው።

እሺ፣ እዚህ ልድገመው። በንጉሡ ጊዜ፣ ጎረምሳ ሳለሁ፣ የቤተ መንግሥቱ አትክልት ቦታ ውስጥ ኩሬ ነበር። እዚያ የመዝናኛ ጀልባ ቀዝፌያለሁ። መሳፍንቱን፣ ልዕልቶቹን፣ የውጭ እንግዳውን አንሸራሽሬያለሁ። ከማንኩሳ ሌላ ማን ቀዝፏል? ማንም!

ባለቤቴ ቻይነሽ እስከ ዛሬ አላመነችኝም። «የቀዘፈው ጠላ ጋን ውስጥ ነው» ትላለች።

ጥቅምት 11

እንዳለው የሚባለው ሰው መጣ። የቡሬ ነጋዴ ነው። ከመንገዱ ዳር መናፈሻ ሠርቶ፣ ኩሬ አስቆፍሮ፣ ጀልባ አስመጥቷል።

«አያ ገደፋው፣ የሚቀዝፍ ሰው አጣሁ። ለምረቃው እርስዎ ይቅዘፉልኝ።»

«አስብበታለሁ» አልሁት። ምን የማስበው አለ? ልቤ እንደ ጥጃ ዘለለ። ዕድሜዬን ሙሉ ስፎክር ኖሬ አሁን በሰው ፊት ላሳይ ነው። ቻይነሽም ታያለች። ያኔ ምን ትል ይሆን?

ጥቅምት 17

ጋቢዬን አሳጠብሁ። ለጀልባ ጋቢ?... አዎ፣ ለጀልባ ጋቢ።

ጥቅምት 23

ጻፊ፣ መስከረም። አትሳቂ፣ ጻፊ።

ተዋረድሁ። ሕዝቡ ኩሬውን ከብቦ ቆሟል። ብቻዬን ገባሁ፤ ቀዘፍሁ። ክንዴ አልረሳም። ግን አንገቴን ደፍቼ ነው የቀዘፍሁት። ቤተ መንግሥት እንዲያ ነበር። ቀዛፊ ጀርባው ወደሚሄድበት፣ ፊቱ ወደ እንግዳው ነው፤ የእንግዳውን ፊት ማየት ደግሞ ነውር። ዓይናችን ከጀልባው ወለል አይነሣም። «ቀኝ! ግራ!» የሚለን አዛዥ ከእንግዳው ኋላ ይቆማል።

ዛሬ አዛዥ የታለ? «አያ ገደፋው! አያ ገደፋው!» ሲሉኝ ያደነቁኝ መሰለኝ... ጭራሽ ጨመርሁበት። ከኩሬው ዳር ግንብ ተላተምሁ። ተገለበጥሁ።

«ማርያም ድረሽልኝ! ሰመጥሁ!»

«ተነስና ቁም፣ አንተ ሰውዬ! ከጉልበትህ አያልፍም!»

የቻይነሽ ድምፅ። ቆምሁ። እውነትም ከጉልበቴ አያልፍም።

ጥቅምት 24

ከቤት አልወጣሁም።

ጥቅምት 26

ክንዱ የሚባለው ጎረቤቴ በአጥር በኩል ብቅ ብሎ «አያ ገደፋው፣ ዛሬ ጤዛ አለ፤ እንዳይሰምጡ!» አለኝ። ድንጋይ ፈለግሁ፤ አጣሁ።

እራት ላይ ቻይነሽ፦ «እንዲያው እነዚያ ልዕልቶች መልካቸው እንዴት ነበር?»

ልዋሽ አሰብሁ... አልመጣልኝም። «መልካቸውን አላየሁም» አልኋት። «ጫማቸውን ነው የማውቀው። አንዷ ትንሽ ልጅ ናት፤ ነጭ ጫማ፣ ቁልፉ የተበጠሰ። እግሯ ወለሉን አይደርስም፤ ታወዛውዘው ነበር።»

ቻይነሽ ጉርሻዋን መሶቡ ላይ መለሰች።

«ለካ እውነትህን ኖሯል። ውሸታም ቢሆን ስንት ዓይነት መልክ ይፈጥርልኝ ነበር።»

ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን መፎከር ምን አደከመኝ? አላየሁም ማለት ይበቃ ነበር!

ኅዳር 12

ከሚካኤል መልስ ቻይነሽ «ኩሬው ጋ ውሰደኝ» አለች። ውሃ ትፈራለች። «በስመ አብ» ብላ ገባች፤ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እኔ አንገቴን ደፋሁ... ልማድ መች ይለቃል? የሚታየኝ ኮንጎ ጫማዋ ብቻ፤ ጎኑ በክር የተሰፋው። «ግራ» ትለኛለች፤ ግራ። «ቀኝ» ትለኛለች፤ ቀኝ። መሐል ስንደርስ፦

«ቀና በል እንጂ። እኔ ልዕልት ነኝ?»

ቀና አልሁ። ፀሐይ ፊቷ ላይ ነው። ከግራ ዓይኗ ሥር ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለች... ከመቼ ወዲህ ነው? ድሮም ነበረች?

«ምን ታፈጣለህ?»

«አንቺን ነዋ።»

አፈረች። አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ግራ ማለቱን ረሳችው። እኔም መቅዘፊያውን ማቆም ረሳሁ።

ከግንቡ ተላተምን።

ነገ ክንዱ ይሰማል፤ በአጥር በኩል ይስቃል። ይሳቅ። ብቻ ጀልባው ላይ ማንን አሳፍሬ እንደነበር ይጠይቀኝ። መልኳን ልንገረው።