በራሱ ላይ ያገባው ኮከብ

ኩርዲን ወዳጄ፣

በካርዱ ላይ የምታየው የኤመንታል ሸለቆ ያምራል ይላሉ፤ እኔ ግን አንገቴን ደፍቼ ነው የወጣሁት።

ትናንት የበረዶ ሆኪውን ጨዋታ ሙሉ እንደ ግንብ ቆሜ ስከላከል አመሸሁ። አንድ እኩል እንደሆንን ሊያልቅ ሲል ጠፍጣፋዋን የመጫወቻ ጎማ ከግባችን አርቃለሁ ብዬ በጫማዬ ገፍቼ ራሴው አስገባኋት። በረኛችን ሴቨሪን አፍጥጦ አየኝና "እንዴ ዱሪ፣ የማን ነህ?" አለኝ።

ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የየቡድኑ ኮከብ የሚመረጠው ጨዋታው ሳያልቅ መሆኑን ታውቃለህ። ከእኛ ቡድን የተጠራው፣ ጎሏ ሳትገባ በፊት የተመረጠው የእኔ ስም! የባለሜዳዎቹ ደጋፊ ብድግ ብሎ "ዱሪ! ዱሪ!" እያለ አዳራሹን አናጋው። አንዲት የአካባቢው ፎርማጆ ሠሪ ሴትዮ ሽልማቴን፣ ያንን የሚያህል ድፍን ፎርማጆ አስታቀፈችኝና "የኔ ልጅ፣ ምነው በየሳምንቱ በመጣህልን!" አለችኝ። እኛ አገር ቤት በረዶ የሆነው ኩሬ ላይ ስንጫወት በራሱ ላይ ያገባ ሰው ኮፍያው በረዶ ውስጥ ይቀበርና ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እዚህ ግን ያጨበጭቡልሃል።

አውቶቡስ ውስጥ አንድም ሰው አልተቆጣኝም። እሱ ነው የባሰብኝ። ሴቨሪን ቢላ አውጥቶ የመጀመሪያውን ቁራጭ ለእኔ ሰጠኝ፤ አጠገቤ ለተቀመጠው አሳለፍኩት።

ካርዱ አለቀብኝ። ሚስትህን ኡርሲናንና ልጆቹን ሳምልኝ። ከፎርማጆው የተረፈውን በፖስታ እልክልሃለሁ፣ ለእናቴ አድርስልኝ። ከየት አመጣው ካለችህ፣ ገዝቶት ነው በላት።

ዱሪ