የእትዬ እግር መዘርጊያ

የካቲት 3

ሱቁን ዘጋሁ። የመጨረሻዎቹን የተማሪ ዩኒፎርሞች አስረክቤ ስመለስ ሚኒባሷን በር ላይ አቆምኩና ከኋላ ገብቼ ተቀመጥኩ። ክር፣ ቁልፍ፣ የብስኩት ወረቀት... ይሄ ቤት ይሆናል? ይሆናል እንጂ! ወር ሙሉ እኔና ታላቅ እህቴ እትዬ፣ መንገድ ወደወሰደን።

እትዬ ግን ገና እሺ አላለችም። ከነርስነት ጡረታ ከወጣች ወዲህ ልጇ "እማዬ፣ ክፍልሽ ተዘጋጅቷል፣ ነይ" እያለ ይወተውታታል። አንዴ ከገባች አለቀ፤ የልጅ ልጆቿን ስታሯሩጥ ትከርማለች። መሄዷን አልጠላሁም። ብቻ መጀመሪያ ከእኔ ጋር ትሂድ።

የካቲት 4

ደወልኩላት።

"የት ነው የምንተኛው?"

"እዚያው መኪናው ውስጥ። አልጋ እሠራለሁ።"

"ስሚኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሆስፒታል ወንበር ላይ ሳሸልብ ነው ያነጋሁት። እግሬን ዘርግቼ የምተኛበት ካለ እመጣለሁ። ከሌለ ልጄ ጋ እሄዳለሁ። ቂም እንዳትይዢብኝ።"

በቃ። ነገሩ ሁሉ እግር መዘርጊያ ላይ ወደቀ።

የካቲት 6

ስለካ ዋልኩ። ሰው ሲለኩ መኖር ለዚህም ይጠቅማል! ርዝመቱ ለእትዬ ይበቃል፣ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ እስከ ኋላ በር። ጉዱ ወርዱ ነው። ለምድጃውና ለውሃ ጀሪካኑ ቦታ ስተው የሚቀረው ለአንድ ሰው ሰፊ፣ ለሁለት ሰው ጠባብ። እኔ ደግሞ... የዳሌዬን ልክ እዚህ ባልጽፈው ይሻላል።

ከተጠጋጋን ይሆናል። የጣውላውን ልክ ጽፌ ለእንጨት ቤቱ ሰጠሁ።

የካቲት 8

ወይ ጉዴ! አልገባም አለ።

ጣውላውን ብገፋ፣ ባዞር፣ ብሳደብ... በየጎኑ ሁለት ሁለት ጣት ይተርፋል። ጎረቤቴ አናጢው ጩኸቴን ሰምተው መጡ። መኪናውን ለኩ፣ ጣውላውን ለኩ፣ ወረቀቴን አዩ።

"መኪናውን የለካሽው ትክክል ነው። ታዲያ ይሄ ትርፍ ከየት መጣ?"

ያኔ ገባኝ። አፌን በእጄ ያዝኩ።

"ጋሼ... ለስፌት ትቼ ነው።"

"ለምን?"

"ለስፌት። ጨርቅ ሲቆረጥ ዙሪያውን ሁለት ጣት ይተዋል..."

የመኪናውን በር ተደግፈው ሳቁ፣ እንባቸው እስኪመጣ። "አልጋው ሲወፍር ልታሰፊው ነው?" እኔም ጥርሴ አልከደን አለ። እጄ መቼ ያማክረኛል? አንዴ ለምዷል።

መጋዝ አምጥተው ትርፉን አነሱልኝ። ጣውላው ልክክ አለ።

የካቲት 9

ፍራሹን ሰፋሁ። እዚህ ላይ ትርፍ ብተው ማንም አይስቅብኝም። ሰማያዊ የዩኒፎርም ጨርቅ ነው የቀረኝ፣ በእሱው አለበስኩት። አልጋችን ትምህርት ቤት የሚሄድ መሰለ።

የካቲት 11

ትራሶች ጠቅልዬ እትዬን አስመስዬ አጠገቤ አስተኛሁ። ገና ገልበጥ ስል ዘጭ! መሬት ላይ።

ላሰፋው? ካሰፋሁት ምድጃው ሄደ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው የሚሆነው። እኔ ወለሉ ላይ ብተኛስ? አትቀበልም፣ አውቃታለሁ። "አንቺ መሬት፣ እኔ ፍራሽ?" ብላ ሻንጣዋን ታነሳለች።

ነገ ልታየው ትመጣለች። ልጇም መኪና ልላክልሽ እያላት ነው... ፈራሁ።

የካቲት 12

መጣች! ጫማዋን አውልቃ ገባች። ፍራሹን በመዳፏ ጫን ጫን አደረገችው፣ የበሽተኛ ሆድ እንደምትመረምር። ከዚያ ተዘረጋች። እግሯ ምንም አልነካ።

"እፎይ!" አለች። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

"አንቺም ነይ እስቲ።"

ገባሁ። ትከሻና ትከሻ ተጋጨን። ክርኗ ጎኔን ወጋኝ። ግማሽ አካሌ አየር ላይ።

"ግድ የለም እትዬ፣ እኔ ወለሉ ላይ..."

"ዝም በይ!" የነርስ ድምፅ። በዚህ ድምፅ ስንቱን ጎረምሳ መርፌ ወግታዋለች። "ትራስሽን ያዢና ዙሪ።"

"ወዴት?"

"ወደ እግሬ ነዋ! የሚሰፋው ትከሻ ነው፣ እግር ምን ቦታ ይፈጃል? አልጋ ሲጠፋ ሁለት ሕፃን እንዲህ ነበር የምናስተኛው።"

ዞርኩ። ራሴ በእግሯ በኩል፣ እግሬ በራሷ በኩል... ሆነ! ደግሞ ቦታ ተረፈን! ከታች የሚሰፋ ጉርድ ቀሚስ ስቆርጥ አንዱን ቁራጭ አቅንቼ፣ ሌላውን ዘቅዝቄ ነው የማስቀምጠው፣ ጨርቅ እንዳይባክን። ለጨርቅ የማውቀውን ለሰው እንዴት ሳላስበው ቀረሁ?

"እግርሽን ታጥበሻል?" አለችኝ ከወዲያ ጫፍ።

"አንቺስ?"

ሳቃችን መኪናውን ወዘወዘው።

"እሺ፣ ትሄጃለሽ?" አልኳት።

"አንድ ሳምንት። ከዚያ ልጄ ጋ።"

አንድ ሳምንትም ሳምንት ነው። ደስ ብሎኛል... በጣም ደስ ብሎኛል።

የካቲት 15

ነዳሁ። ከዛፍ ስር፣ ከውሃ ዳር አቆምን። እትዬ መንገዱን ሙሉ "ቀስ!" ስትል ዋለች።

የካቲት 16

ታንኮራፋለች! ማንም አልነገረኝም። እሷም አታውቅ ይሆናል።

ትናንት ማታ እንዳወጋችኝ፣ ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳ እኩለ ሌሊት ላይ ሰው የጠራት ይመስል ብድግ ትላለች። ቁጭ ብላ ነው የምታነጋው። እኔም አብሬያት ልቀመጥ ተዘጋጅቼ ነበር። አልነቃችም። ነጋ፣ አልነቃችም። ፀሐይ መስኮቱን አልፋ ፊቷ ላይ መጣች፣ መጋረጃውን ሳብኩላት... አልነቃችም።

ስልኳ ጮኸ። አፈፍ አድርጌ ይዤው ወጣሁ። ልጇ ነው።

"አክስቴ፣ እማዬስ?"

"ተኝታለች።"

"በዚህ ሰዓት? አመማት እንዴ?"

"ኧረ ደህና ናት። እንቅልፍ ነው።"

 ከመኪናው ፈቀቅ አልኩ።

"እኔ እኮ..." አለ፣ እዚያ ሆኖ እንዳይቀሰቅሳት የፈራ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እማዬን ተኝታ አይቻት አላውቅም። ልጅ ሆኜ ሌሊት ሥራ ናት፤ ቀን ከትምህርት ቤት ስመጣ ተነስታ ምግቤን ይዛ ነው የማገኛት።"

 

"በሳምንቱ መጨረሻ አመጣልሃለሁ" አልኩት።

"ተዪ፣ አትቸኩሉ። ክፍሉ የትም አይሄድም። ትተኛ።"

ተመልሼ በኋላው መስኮት አጮለቅኩ። እጇን ወዲያ፣ እግሯን ወዲህ ጥላ፣ የእኔንም ቦታ ሁሉ ይዛዋለች።